የምትወዱትን የብሪታንያ የዱር ወፍ እንዴት ትመርጣላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ብሪታንያ ውስጥ ብሔራዊ ወፍ ይመረጥ ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ዘመቻውን ያስጀመረው የወፍ አጥኚው ዴቪድ ሊንዶ ነው። ከ200 ሺህ በላይ ሰው ተሳተፈ፤ ደረተ ቀዩ ሮቢን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። የእናንተ ወፍ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ምርጫው ጊዜ ቢፈጅ አትቸኩሉ፤ ደስ የሚለው ፍለጋው ነው።

በመጀመሪያ፣ ከፎቶ አትምረጡ። በፎቶ ከሆነ ዓሣ አጥማጁ ወፍ ኪንግፊሸር ሁሉንም ያስንቃል። ወንዝ ዳር ሄዳችሁ የምታዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽው ብሎ የሚያልፍ ሰማያዊ ነገር ነው። ፓፊን የሚባለው የባሕር ወፍም ያምራል፤ ሆኖም ወደ ባሕር ዳር ገደሎች የሚመጣው ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ገደማ ለመራባት ብቻ ነው። ቀሪውን ዓመት ባሕር ላይ ነው። ከቤት ወጣ ስትሉ የምታገኙት ወፍ ይሻላል፤ ጠባዩን ለማወቅ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አንድ ሰዓት ስጡት። በ1889 የተመሠረተው አርኤስፒቢ የተባለው የወፎች ጥበቃ ማኅበር ከ1979 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ መጨረሻ ሕዝቡን ወፍ ያስቆጥራል። ዘዴው ቀላል ነው። መስኮት አጠገብ ወይም ፓርክ ውስጥ አንድ ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ከየዓይነቱ በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ከፍተኛ ቁጥር ትጽፋላችሁ። ይህን በፈለጋችሁት ቀን ማድረግ ትችላላችሁ። ስሙን ካላወቃችሁ መርሊን የሚባል ነፃ አፕ ድምፁን ሰምቶ ይጠቁማችኋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብላክበርድ ጥቁር የሚሆነው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት። ብዙ ሰው ሌላ ወፍ ትመስለዋለች።

ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑና ስሙ። በእኔ እምነት ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ብላክበርድ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ ገደማ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ረጋ ባለ ድምፅ ያዜማል፤ ከሥራ ሲመለሱ እሱን መስማት ድካም ያስረሳል። ሮቢን በብርዱ ወራት ሳይቀር ይዘምራል። ያኔ ሴቷም የራሷን ክልል ይዛ ትዘምራለች። የመንገድ መብራት ካለ ደግሞ በሌሊትም ትሰሙታላችሁ።

ሬን የተለየ ነው። ቡናማና ድቡልቡል ነው፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ክብደቱ 10 ግራም ያህል ነው። ቁጥቋጦ ሥር እንደ አይጥ ሲሹለከለክ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ሲዘምር ግን ምንቃሩን በርግዶ፣ መላ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ድምፁ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ወንዱ ብዙ ጎጆዎች ይሠራል። ሴቷ ዞር ዞር ብላ አይታ አንዱን ትመርጥና ውስጡን ላባ ታነጥፍበታለች። ብርዱ ሲጠና ተጠጋግተው ያድራሉ። በ1969 እንግሊዝ አገር ኖርፎክ ውስጥ አንድ የጎጆ ሣጥን ውስጥ 61 ሬኖች ተገኝተዋል። የእኔ ምርጫ ሬን ነው፤ እንደዚያ ያለ ትንሽ ፍጥረት እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼ ማለፍ አልችልም።

ዓመቱንም አስቡበት። ስዊፍት የሚመጣው ሜይ ገደማ ነው፤ ኦገስት ላይ ወደ አፍሪካ ይመለሳል። አየር ላይ ይበላል፣ አየር ላይ ይተኛል። የምትጠብቁት ወፍ ከወደዳችሁ እሱን ምረጡ። ዓመቱን ሙሉ አጠገቤ ይሁን ካላችሁ ሮቢን ወይም ሬን ይሻላችኋል።

የሰሜን ተራሮችን ወይም ባሌን የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ቻፍን እዩ። የቁራ ዘመድ ነው፤ ላባው ጥቁር፣ ምንቃሩና እግሩ ቀይ። በእኛ ደጋዎች ላይ የሚኖረው ይኸው ወፍ በዌልስና በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በኮርንዎል የባሕር ገደሎች ላይም አለ። ከኮርንዎል ጠፍቶ ነበር። በ2001 ማንም ሳያመጣው ተመልሶ መጣ፤ በ2002 ጫጩት ፈለፈለ። የኮርንዎል አርማ ላይም አለ። ለጉዞ ሰበብ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሁለት ወፍ ላይ ከደረሳችሁና መወሰን ካቃታችሁ አንድ ሳምንት ሁለቱንም ፈልጉ። ስታጡት ቅር የሚላችሁ እሱ ነው የእናንተ።

ከመረጣችሁ በኋላ ተንከባከቡት። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ንጹሕ ውኃ አስቀምጡ፣ ጨው ያለበት ምግብ አትስጡ፤ መመገቢያውን ካላጠባችሁት በሽታ ያስተላልፋልና በየሳምንቱ እጠቡት። ለስዊፍት ከጣሪያ ሥር የጎጆ ሣጥን ይሰቀላል፤ ቤት ሲታደስ ቀዳዳው እየተደፈነ ማደሪያ አጥቷል። ከማርች እስከ ኦገስት አጥር ላይ ያለ ቁጥቋጦ አትከርክሙ፤ ወፍ የሚጠቀምበትን ጎጆ ሆን ብሎ ማፍረስ በ1981 በወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ወንጀል ነው።