ከጎንደር ወጥቶ በረጅሙ ለሚነዳ፦ ሳይክሉም ነጂውም ሲያስቸግር

ከጎንደር አስፋልቱን ትታችሁ ከወጣችሁ በየአቅጣጫው ሌላ አገር ነው። ወደ ጎርጎራ ስትወርዱ የደምቢያ ዋልካ ይጠብቃችኋል። ወደ ደባርቅ ስትወጡ ድንጋይና ብርድ አለ። ከአይከል አልፋችሁ ወደ መተማ ከወረዳችሁ ደግሞ እሾህና ሙቀት። ሳይክላችሁ ግን ያው አንድ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ለከተማ ኮረኮንች ተስተካክሎ የተተወ ነው። እኔ እንደማየው መንገድ ላይ ከሚገጥመው ብልሽት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ መፍቻ ከማውጣታችሁ በፊት ላለፈው ግማሽ ሰዓት በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደመጣችሁ አስቡ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን የመንገዱ ሰላም ነው። ትናንት ሰው ሲመላለስበት የነበረ መንገድ ዛሬ ዝግ ሊሆን ይችላል። መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን ጠይቁ። «ተዉት» ካሏችሁ ተዉት፣ ዳገቱ የትም አይሄድም።

ጎማው ተነፈሰ

ለጥፎ ለመሄድ አትቸኩሉ። ከመነዳሪውን ስታወጡ የትኛው ጎኑ በየት በኩል እንደነበር ያዙ፣ ከዚያ ትንሽ ንፉትና ቀዳዳውን ፈልጉ። ምክንያቱን የሚነግራችሁ የቀዳዳው ቦታና ቅርጽ ነው።

ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካገኛችሁ ጥፋተኛው ድንጋይ ነው። ጎማው ላልቶ ስለነበር ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጧል። ይሄ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ባሉት የእግር መንገዶች ላይ በብዛት የሚያጋጥም ነው። መፍትሄው መለጠፍ ብቻ አይደለም፣ ንፋስ መጨመርም ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው ከመነዳሪ ባለው ሰፊ ጎማ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ለድንጋይ ጥሩ መነሻ ነው። ሻንጣ ከጫናችሁ የኋላውን ትንሽ ጨምሩበት። ጎሚስታ ቤት ስትሞሉ ደግሞ ልጁ በመኪና ልማድ እስኪደርቅ እንዳይነፋላችሁ ቆማችሁ እዩ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጎማ ኮረኮንች ላይ ክንዳችሁን ይጨርሰዋል።

አንድ ትንሽ ቀዳዳ ከውጭ በኩል ከሆነ እሾህ ነው። ግራር ባለበት ሁሉ ይሄ አይቀርም፣ ወደ ቆላ በወረዳችሁ ቁጥር ይብሳል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ከመነዳሪውን ለጥፎ ጎማውን ሳይፈትሽ ሲመልሰው ነው፣ የእሾሁ ጫፍ እዚያው ተሰክቶ ስለሚቀር ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ተንፍሶ ቁጭ ይላል። በጣት አትዳብሱ፣ ትቆረጣላችሁ። ጨርቅ ወይም ሶፍት በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ጎትቱ፣ ክሩ የያዘበት ቦታ እሾሁ ያለበት ነው። ቱብለስ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ለቆላው እሾህ የተሻለ ነው፣ ነገር ግን ውስጡ ያለው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ በደረቅ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ጎማውን ነቅንቁት፣ ሲንቦጫረቅ ካልሰማችሁ ፈሳሹ አልቋል ማለት ነው።

ቀዳዳው ከውስጥ፣ በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የራጂ ጫፍ ወግቶታል። ቸርኬው ላይ የሚጠመጠመው ጥብጣብ ተንሸራቷል ወይም ተቀዷል። ጠንካራ ፕላስተር ሁለት ዙር ጠምጥሙበት።

የጎማው ጎን ራሱ ከተቀደደ ልጣፊ ብቻውን አይበቃም፣ ከመነዳሪው በቅዳዱ በኩል ተነፍቶ ይወጣና ይፈነዳል። ከማዳበሪያ ጆንያ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ከውስጥ በኩል አስገቡበት። ይሄን ቁራጭ ከቤት ይዛችሁ ውጡ፣ ክብደት የለውም፣ ከተማ እስክትደርሱ በደንብ ይይዛል።

ጎማው አልዞር አለ

ደምቢያ ናችሁ፣ ዝናብ ጥሏል፣ አይደል? ዋልካ በደንብ ሲርስ ያንሸራትታል እንጂ ያን ያህል አይይዝም። የሚያስቸግረው ግማሽ ሲደርቅ ነው። ያኔ እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ጎማውንና ፎርኩን አንድ ያደርጋቸዋል። ሳይክሉ በአንድ ጊዜ ሁለት እጥፍ የሚከብድ ይመስላል፣ ትንሽ ቆይቶ ጨርሶ ይቆማል።

ትልቁ ነገር በጉልበት አለመርገጥ ነው። ጭቃው ካቴናውን ይዞ የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ወደ ራጂው ይጎትተዋል። መቀየሪያው የታሰረበት ቀጭን ብረት ያኔ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል፣ እሱን ጎንደር ሱቅ ውስጥ ማግኘት ዕድል ነው። ስለዚህ ውረዱ። በእንጨት ጠራርጉ። ሣር ያለበትን ዳር ይዛችሁ ግፉ፣ ካልሆነም ተሸከሙት። ፀሐይ ካለ አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ከመታገል ይሻላል፣ ጠንከር ባለ ፀሐይ ላዩ ቶሎ ይደርቃል።

እውነቱን ለመናገር ደምቢያን በክረምት መሞከር ሞኝነት ነው። ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ ቢቆምም ያ አፈር ውኃ ይዞ ይቆያል፣ ገበሬው ሽምብራና ጓያ የሚዘራው በዚያ እርጥበት ተማምኖ ነው። ማሳው ላይ ሽምብራው ገና ለምለም ከሆነ ከማሳ ዳር ራቁ፣ ለሰብሉም ለእናንተም ሲባል። ከታኅሣሥ በኋላ ጥሩ ይሆናል። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁን ተከትላችሁ ከነዳችሁ የፊት ጎማው ይገባና በመሪው ላይ ትወረወራላችሁ። ስንጥቅን በአግድም ቁረጡት።

ካቴናው ይጮኻል ወይም ይዘላል

ጩኸት ብቻ ከሆነ አቧራ ነው። ጥረጉት፣ በየማጠፊያው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ፣ ከዚያ ትርፉን እንደገና ጥረጉት። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ መቀባት የተለመደ ነው፣ ግን አይመከርም፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ካቴናውን ይበላዋል፣ ውፍረቱም የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል።

ዳገት ላይ ጠንክራችሁ ስትረግጡ የሚዘል ከሆነ ካቴናው ረዝሟል። ከፒን ወደ ፒን 24 ክፍተት ለኩ። አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ306.5 ካለፈ ቀይሩት፣ ካልቀየራችሁት የኋላውን ጥርስ ይዞት ይጠፋል። ሳይክሉ ከወደቀ በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን ካቴናውን ተዉትና ከኋላ ቆማችሁ መቀየሪያውን እዩ። ቀጥ ብሎ ካልተንጠለጠለ ብረቱ ታጥፏል። በጥንቃቄ በእጅ መመለስ ይቻላል፣ አንዴ። ሁለተኛ ካጠፋችሁት ይሰበራል።

ፍሬኑ አልይዝ አለ

ይሄ ቀልድ የለውም። ከደባርቅ አልፋችሁ በሊማሊሞ ከወረዳችሁ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠው ጠመዝማዛ፣ በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላው ገደል። እዚያ ላይ ፍሬን ይዞ መውረድ የለመደ ሰው መሃል ላይ ሲደርስ የተቃጠለ ነገር ይሸተዋል፣ ከዚያ እጀታው ይላላል።

ሽታ ኖሮ እጀታው ግን ጠንካራ ከሆነ ሸራው ግሏል። ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ። ውኃ አታፍሱበት፣ የጋለ ዲስክ ይጣመማል። ከቀዘቀዘም በኋላ የማይዝ ከሆነ የሸራው ፊት መስታወት ሆኗል፣ አውጥታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ዘይት የነካው ሸራ ግን አይድንም፣ ጣሉት።

እጀታው እስከ መሪው ድረስ የሚመጣ ከሆነ ጉዳዩ ዘይቱ ጋ ነው፤ ፈልቷል ወይም አየር ገብቶበታል። ከቀዘቀዘ በኋላ ካልተመለሰ በእግር ውረዱ። ጋራዥ ስትደርሱ ሜካኒኩ ቅን ሰው ነውና የመኪና ፍሬን ዘይት ሊጨምርላችሁ ይነሳል፣ እዚህ ላይ አስቁሙት። የሺማኖ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው፣ ዶት የሚባለው የመኪና ፍሬን ዘይት ከገባባቸው ጎሚኒዎቹ አብጠው ይበላሻሉ። የእናንተ ፍሬን ዶት 4 የሚል ጽሑፍ እጀታው ላይ ካለው ብቻ የመኪናው ይሆነዋል። ጽሑፉ የማይታይ ከሆነ አትጨምሩ። ለረጅም ጉዞ እኔ በሽቦ የሚሠራውን የዲስክ ፍሬን እመርጣለሁ። ሽቦ በየትኛውም ከተማ አይጠፋም።

አነዳዱም የመፍትሄው ግማሽ ነው። ከጠመዝማዛው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። በትንሹ ይዞ ያለማቋረጥ መውረድ ነው የሚያግለው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ነው፣ ደባርቅ ወደ 2,800፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያሉት ማደሪያዎች ደግሞ ሳንቃ በር 3,250፣ ጨነቅ ወደ 3,600። በቧሂት ተራራ በኩል የሚያልፈው መንገድ ከ4,000 በላይ ይወጣል። «እኛ የደጋ ሰዎች ነን» ብሎ በአንድ ቀን ጨነቅ ማደር የሚያስብ አለ። የደጋ ሰው መሆን ይረዳል፣ ግን ከፍታው ለማንም አያዳላም።

መጀመሪያ ጥም ነው ወይስ ከፍታ ብላችሁ ለዩ። ቁሙ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ጠጡ፣ ጥቂት ብሉና ዕረፉ። ከለቀቃችሁ ጥም ነበር። ካልለቀቃችሁ ያን ቀን ከዚያ በላይ አትውጡ። ከ3,000 በኋላ የምታድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ፣ ስለዚህ ደባርቅ ማደር ግዴታ ነው በሉት፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ስለሆነ ምዝገባውንና ስካውቱን (አብሯችሁ የሚሄደውን የፓርክ ጠባቂ) ትጨርሳላችሁ። በሳይክል እንደምትሄዱ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ጓደኛችሁ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን መጠበቅ የለም፣ ማታም ቢሆን ወደ ታች አውርዱት።

ጉልበት ከዳኝ

ምግብ ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ከተነሳችሁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መብላት ጀምሩ፣ እስኪርባችሁ ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል። በሶ ከስኳርና ከጨው ቁንጥር ጋር በውኃ በጥብጣችሁ ኮዳ ውስጥ ያዙ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ። ሱቅ ውስጥ ያለውን ውድ ጄል አልቃወምም፣ ግን ከበሶ የሚበልጥ ነገር አላየሁበትም። የምትጾሙ ከሆነ ረጅሙን ቀን ለፍስክ አድርጉት፣ ወይም ርቀቱን ቀንሱ። ወደ መተማ በኩል፣ 700 ሜትር አካባቢ ወርዳችሁ፣ ሙቀቱ በጨው ጭምር ያደርቃችኋል። ኦአርኤስ ከመድኃኒት ቤት ያዙ፣ በሙቀቱ ሰዓት ጥላ ሥር ሁኑ።

መንገዱ ገደል ላይ አለቀ

ስልኩ ላይ ያለው መስመር ትክክል ሊሆን ይችላል፣ የእግር መንገድ ነዋ። የእግር መንገድ ደግሞ ሰው በእጁ ይዞ የሚወርድበት ቦታ አለው። መፍትሄው መጠየቅ ነው፣ ግን አጠያየቅ አለው። «ቅርብ ነው?» ካላችሁ መልሱ «አዎ፣ ቅርብ ነች» ነው፣ እናንተን ለማበርታት ሲባል። «በእግር ስንት ሰዓት ነው?» በሉ። «መንገድ አለ?» ሳይሆን «የተጫነ በቅሎ ይሄድበታል?» በሉ። የተጫነ በቅሎ ካለፈ እናንተም ታልፋላችሁ፣ ቢያንስ እየገፋችሁ። አህያ ብቻ ከሆነ ደግማችሁ ጠይቁ፣ ሌላ ሰው።

ከመጠየቅ በፊት ግን ወርዶ ሰላምታ ማቅረብ ነው። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ከላይ ወደ ታች «አባባ፣ መንገዱ በየት ነው?» ማለት ነውር ነው። የተጫኑ አህዮች ሲመጡም ውረዱና ከገደሉ ራቅ ባለው በኩል ቁሙ፣ ቢደነብሩ ጭነቱ የገበሬው የዓመት ልፋት ነው።

ውሻ አባረረኝ

የሚያባርረው ፍጥነታችሁን ነው። ቁሙ፣ ውረዱ፣ ሳይክሉን በመሃላችሁ አድርጉ፣ ድንጋይ የምታነሱ መስላችሁ ጎንበስ በሉ። አብዛኛው ይመለሳል። ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ምንም አልሠራ አለ

ወደ ዋናው መንገድ ግፉና አይሱዙ ወይም ሚኒባስ አስቁሙ። ረዳቱ ሳይክል ሲጭን እንደ ማገዶ ነው የሚወረውረው፣ ስለዚህ ራሳችሁ ጫኑ። የፊት ጎማውን አውልቁ፣ የዘይት ፍሬን ከሆነ በሁለቱ ሸራዎች መሃል ስስ እንጨት ወይም የታጠፈ ካርቶን አስገቡ፣ አለዚያ መንገድ ላይ እጀታው ተጭኖ ሸራዎቹ ይጣበቃሉ። የማርሽ መቀየሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ከእህል ጆንያ ላይ እንጂ ከጆንያ ሥር አይሁን፣ ሒሳቡንም ከመጫናችሁ በፊት ተስማሙ።