የክላውንፊሽ እጭን በካዛንቺስ ቤት ውስጥ ማሳደግ

ክላውንፊሽ የተባለ ትንሽ የባሕር ዓሣ እጭ ለማሳደግ የሚነሣ ሰው ከገንዳው አስቀድሞ ምግቡን ሊያዘጋጅ ይገባል፤ ከእንቁላል የወጣው እጭ አፉ እጅግ ጠባብ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚገባ የሚውጠው ሮቲፈር የተባለውን፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግተውን ሕያው ፍጥረት ነው። ሮቲፈሩ ራሱ ካልጠገበ ግን እጩን አያሳድግም፤ ስለዚህ አስቀድሞ አረንጓዴ አልጌ መብላት አለበት። በእጩ ገንዳ በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ያህል ሮቲፈር መኖሩን ለማወቅ ይህንኑ ያህል ውሃ ቀድቶ ከመብራት ፊት ይዞ በማጉያ መነጽር መቁጠር ይበቃል።

ከ5ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ማለትም ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ፣ ከሮቲፈሩ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። የእጩ ሆድ ወደ ብርቱካናማ ካደላ በልቷል ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን እጮች ያጣሁት በችኮላ አርቴሚያውን በ2ኛው ቀን ብቻውን ሰጥቼ ነው። ውሎ ያደረ አርቴሚያ ስቡን ስለሚጨርስ በኦሜጋ 3 የበለጸገ ምግብ ሳይመገብ ባይሰጥ ይመረጣል።

የካዛንቺስ ሌሊት ብርዳም ስለሆነ ውሃው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ እንዲቆይ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚያንስ የአየር ፓምፑ፣ መብራት ሲጠፋም ጭምር በባትሪ፣ እጩን በማያንገላታ ቀስተኛ አረፋ ሊሠራ ይገባል።