የክላስን ቫሪያብሎች ከውጭ ለውጥ መጠበቂያ መንገድ

ከደሴ መናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጡ ሚኒባሶችን የሚመዘግብ ፕሮግራም በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ እንጽፋለን እንበል። «ሚኒባስ» የተባለው ክላስ (የአንድ ዓይነት ነገሮች ንድፍ) «ወንበር» እና «ተሳፋሪ» የሚባሉ ሁለት ቫሪያብሎች (ዋጋ መያዣዎች) አሉት (ጃቫ የግዕዝ ፊደልን ለስያሜ ይቀበላል)። «ተሳፋሪ»ን ፐብሊክ (ለሁሉም ክፍት) አድርገን ከተውነው፣ የትኛውም የፕሮግራሙ ክፍል 12 ወንበር ባለው መኪና ላይ 40 ብሎ ሊጽፍ ወይም ቁጥሩን ከዜሮ በታች ሊያወርደው ይችላል፤ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

ስለዚህ ሁለቱንም ፕራይቬት (ከክላሱ ውጭ የማይነኩ) እናድርጋቸው፤ የወንበር ብዛት ስለማይለወጥ «ወንበር» ላይ ዋጋው አንዴ ከተሰጠ በኋላ እንዳይለወጥ የሚያደርገው ፋይናል ይጨመርበት። ከዚህ በኋላ ብዙ ጀማሪዎች ለእያንዳንዱ ቫሪያብል ጌተርና ሴተር (ዋጋውን የሚመልስና የሚለውጥ ሜተድ፣ ማለትም በክላሱ ውስጥ የሚጻፍ የትእዛዝ ስብስብ) ይደረድራሉ፤ ይህ ልማድ መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የመጣለትን ቁጥር ሳይመረምር የሚቀበል ሴተር ቫሪያብሉን ፐብሊክ ከማድረግ ብዙም አይለይምና። በሴተሩ ፈንታ በድርጊቱ ስም የሚጠሩ ሜተዶችን እንጻፍ። «አሳፍር» የሚጨመረው ቁጥር ከዜሮ በላይ መሆኑንና ከነባሩ ጋር ተደምሮ ከወንበሩ አለመብለጡን ካጣራ በኋላ ብቻ «ተሳፋሪ»ን ይለውጣል፤ ካልሆነ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ያስነሳል። «አውርድ» ደግሞ ሐረጎ ላይ ለሚወርዱት ተመሳሳዩን ማጣራት ያደርጋል። ሕጉ ቢለወጥ የምናስተካክለው እዚያው ክላሱ ውስጥ ነው።

የተሳፋሪዎችን ስም በሊስት (በዝርዝር) ከያዝን ግን ፕራይቬት ማድረጉ ብቻውን አይበቃም። ጌተሩ ሊስቱን እንዳለ ከመለሰ፣ ተቀባዩ የሚያገኘው ወደዚያው ሊስት የሚያመለክት ሪፈረንስ ስለሆነ፣ ያለ እኛ ፈቃድ ስም መጨመርና መሰረዝ ይችላል። ከጃቫ 10 ጀምሮ ያለው «ሊስት ኮፒኦፍ» የማይለወጥ ቅጂ ስለሚሰጥ እርሱን እንመልስ።

ስታቲክ ቫሪያብል የሁሉም ኦብጀክቶች (ከክላሱ ንድፍ የሚሠሩ ነጠላ ነገሮች) የጋራ ሀብት በመሆኑ አንድ የተሳሳተ ለውጥ ሁሉንም ይነካል፤ እርሱም ፕራይቬት ይሁን። ፕሮቴክትድ የተባለው ሌላ የፈቃድ ደረጃ ለወራሽ ክላሶች ብቻ የተፈቀደ የሚመስላቸው አሉ፤ በጃቫ ግን በዚያው ፓኬጅ (የክላሶች ስብስብ) ውስጥ ላሉት ሁሉ ክፍት ነው።

በሌላው የፕሮግራም ቋንቋ በፓይተን የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ክልከላ አያገኝም። ከስሙ በፊት የሚገባ አንድ የስር ሰረዝ (_) «ከውጭ አትንካው» የሚል ስምምነት ብቻ ነው፤ ሁለት ሲሆን ፓይተን የክላሱን ስም ከፊት ጨምሮ ስያሜውን ይለውጠዋል እንጂ አይቆልፈውም። በዚህ ቋንቋ ቫሪያብሉን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ጀምሮ፣ ማጣራት ሲያስፈልግ «ፕሮፐርቲ» በሚባለው ዲኮሬተር (ከሜተድ በላይ የሚጻፍ፣ አሠራሩን የሚቀይር ምልክት) መተካት ይቻላል፤ ቫሪያብሉን የሚጠሩት ሌሎች መስመሮችም ሳይነኩ ይቀጥላሉ።