ፑሽ ባደረጋችሁ (ኮዱን ኦንላይን ወዳለው ማስቀመጫ በላካችሁ) ቁጥር ኮዳችሁ ራሱ እንዲፈተሽ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ጎንደር ላለ አንድ ማረፊያ ቤት የክፍል ማስያዣ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ጥምቀት ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ይውላል ብዬ ጻፍኩት። በ2016 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 20 ዋለ። ከዚያ በፊት ያለፈው ዘመነ ሉቃስ ነበራ፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆናለች። ለበዓሉ የመጣ እንግዳ በከተራ ጠዋት «ክፍሉን ይልቀቁ» ተባለ። ታቦታቱ እኮ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ገና አልወረዱም! የቤቱ ባለቤት «ይሄ ልጅ ጥምቀት መቼ እንደሆነ አያውቅም እንዴ?» አሉ አሉ። ሁለት መስመር ቴስት (ኮዱ ትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ) ያድነኝ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቴስቱን ጻፉ። በፓይተን የምትሠሩ ከሆነ ፓይቴስት የሚባለውን ቴስት ማስኬጃ ጫኑ። የፋይሉም የፈንክሽኑም ስም «ቴስት» በሚለው ቃልና በአንደርስኮር ይጀምር፤ አለዚያ ላያገኘው ይችላል። የእኔ ቴስት እንዲህ ይላል፦ ጥር 11 ቀን 2015 ስሰጥህ ጃንዋሪ 19 ቀን 2023 በለኝ፤ ጥር 11 ቀን 2016 ስሰጥህ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 በለኝ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ብቻ ቢሆን ያ የተሳሳተ ኮዴም ያልፍ ነበር። ጠርዝ ላይ ያሉትን ቀኖችም ጨምሩ፦ ጳጉሜን 5፣ ጳጉሜን 6፣ መስከረም 1።

ፕሮጀክቱ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ካለ፣ በነጥብ በሚጀምረው «ጊትሃብ» ፎልደር ውስጥ «ወርክፍሎውስ» የሚባል ፎልደር ክፈቱ። እዚያ አንድ የያምል ፋይል (ትእዛዝ የሚዘረዘርበት ጽሑፍ) አስቀምጡ። ፍተሻው መቼ ይነሳ? ፑሽ ሲደረግና ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር ይዋሃድ የሚል ጥያቄ) ሲከፈት። በምን ማሽን? በኡቡንቱ፣ ማለትም በሊኑክስ። ከዚያ ሥራው በተራ ይጻፋል፦ ኮዱን አውርድ፣ ፓይተንን ጫን፣ ላይብረሪዎቹን ጫን፣ ፈትሽ። ያምል ታብ አይቀበልም፤ ስፔስ ብቻ ተጠቀሙ። እኔ በዚህች ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ማሽኑ የጊትሃብ ነው። አንዴ ፑሹ ካለፈላችሁ ፒያሳ መብራት ቢጠፋም እሱ ሥራውን ይጨርሳል። ለሁሉም ክፍት ለሆነ ፕሮጀክት በነጻ ነው።

ከቴስቱ በፊት ራፍ (ኮዱን ሳያስኬድ አንብቦ ስሕተት የሚፈልግ መሣሪያ) ይሂድ። ያልተጠቀማችሁበትን ኢምፖርት፣ የትም ያልተሰየመ ቫሪያብል በሰከንዶች ያወጣል። አሮጌ ኮድ ላይ ግን ሕጉን ሁሉ ባንዴ አትክፈቱበት። መቶ ማስጠንቀቂያ ሲዘረገፍ ማንም አያነበውም።

ቀጥሎ በሩን ዝጉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሜይን ብራንች (ዋናው የኮድ ቅጂ) ላይ «ፍተሻው ሳያልፍ መርጅ አይደረግም»፣ ማለትም ለውጡ አይዋሃድም፣ የሚለውን ሕግ አብሩ። በነጻው አካውንት ይህም የሚሠራው ለክፍት ፕሮጀክት ነው። ይህ ካልተደረገ ፍተሻው ሲወድቅ የሚመጣው ቀይ ምልክት ጌጥ ነው፤ ሁሉም እያየው ያልፋል።

እናንተ ጋ ያለፈ ቴስት ጊትሃብ ላይ ሲወድቅ «ድጋሚ አስነሳ» የሚለውን አረንጓዴ እስኪመጣ አትደብድቡት። መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ማሽኑ የሚሠራው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድመዋለን። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ፑሽ ካደረጋችሁ ለእሱ ገና ትናንት ነው። «ዛሬ»ን ከማሽኑ የሚጠይቅ ፈንክሽን ካላችሁ አስተካክሉት፤ ቀኑን ከውጭ ይቀበል፣ ቴስቱም የታወቀ ቀን ይስጠው።