ስፓርክ ጨርሶ ስቶሬጁ ሲያስጠብቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴና ኮምቦልቻ ስፓርክ (ብዙ ዳታ በብዙ ማሽን ላይ ከፋፍሎ የሚያሰላ ሶፍትዌር) የሚያስኬዱ ሰዎች ሲደውሉልኝ ቅሬታቸው አንድ ነው፤ «ራም ጨመርን፣ ለውጥ የለም።» አይኖርማ! ስሌቱን ራም ላይ እንደሆነ ስፓርክ ቶሎ ይጨርሰዋል። የሚያስቆመው ከሥሩ ያለው ስቶሬጅ ነው። ስቶሬጅ ሲመረጥ ሁሉም የንባብ ፍጥነት ይጠይቃል። መጠየቅ ያለበት ግን «ዳታው ተጽፎ የሚያልቀው እንዴት ነው? መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?» ተብሎ ነው። ሎግ መክፈትና ዲስክ መሙላቱን ማየት ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ምልክት፦ ታስኮቹ በሙሉ አልቀዋል፣ ሥራው ግን አያልቅም

አሥሬ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። የስፓርክ ገጽ ላይ ሁሉም ታስክ (ሥራው የተከፋፈለበት ቁራጭ) ተጠናቋል። ታስኮቹን የሚሠሩት ኤክሲኪውተሮች ሥራ ፈትተዋል። ሥራውን የሚመራው ድራይቨር ብቻ ደፋ ቀና ይላል። ሰው ይሰለቸውና ይገድለዋል። እንደገና ያስነሳዋል፣ እንደገና እዚያው ላይ ይቆማል።

ምክንያቱ የስም ለውጥ ነው። ስፓርክ ውጤቱን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይጽፋል። ሲያልቅ ወደ ትክክለኛው ቦታ ያዛውረዋል። ኤችዲኤፍኤስ (ፋይልን በብዙ ማሽን ዲስክ ላይ የሚያከማች ስቶሬጅ) ላይ ይሄ ቀላል ነው፤ የፋይሎቹን መዝገብ የሚይዘው ኔምኖድ መዝገቡ ላይ ስም ይቀይራል፣ ዳታው ካለበት አይነቃነቅም። ሚን አይኦ ወይም ሴፍ (Ceph) የተባሉት ስቶሬጆች በኤስ 3 (አማዞን ባወጣው የስቶሬጅ መነጋገሪያ) በኩል ሲሆን ግን እውነተኛ ፎልደር የለም፣ ስም መቀየር የሚባልም ነገር የለም። እያንዳንዱ ፋይል በአዲስ ስም ይገለበጣል፣ ከዚያ አሮጌው ይሰረዛል። የበሩን ቁጥር ለመቀየር ቤቱን አፍርሶ እንደመሥራት ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ሪፖርቱ በየማሽኑና በየቀኑ ተከፋፍሎ ይጻፍ ነበር። የሹፍል ፓርቲሽኑ (ዳታው እንደገና ሲከፋፈል የሚቆረጥበት ቁጥር) ስፓርክ ይዞት በመጣው 200 ላይ ነው፤ የነካው የለም። ትንንሽ ፋይል እንደ አሸን ፈልቷል። አንዱ ጎበዝ የኮሚት ስልቱን (ውጤቱ ወደ መጨረሻ ቦታው የሚዛወርበትን መንገድ) ወደ 2 ቀየረውና ፈጠነ፣ ተመሰገነም። ስልት 2 የሚፈጥነው ግን እያንዳንዱ ታስክ እንዳለቀ ውጤቱን በቀጥታ መጨረሻው ቦታ ላይ ስለሚጥል ነው። አንድ ሌሊት መሃል ላይ መብራት ሄደ። ግማሹ ሪፖርት እዚያው ቀረ፣ ሙሉ መስሎ። ጠዋት ኃላፊው አነበቡትና የሌሊት ፈረቃውን አስተባባሪ ጠርተው «ምርቱ የት ገባ?» ብለው አፋጠጡት። ሰውየው ምን ይበል?

መፍትሄው የኤስ 3 ኤ ኮሚተሮች (ለኤስ 3 የተሠሩ የውጤት ማጽደቂያዎች) ናቸው። ከሃዱፕ (ስፓርክ ከስቶሬጅ ጋር ለመገናኘት የሚጠቀምበት ሶፍትዌር) 3.1 ጀምሮ አሉ። እኔ ማጂክ የሚባለውን ነው የማስገባው። ፋይሉ በክፍል በክፍል ይላካል፤ «ተጠናቀቀ» የሚለው ትእዛዝ ግን ሥራው በሙሉ እስኪያልቅ ይያዛል። መገልበጥ የለም። ታስኮቹ እየሠሩ መብራት ቢሄድም ግማሽ ውጤት አይታይም።

ልብ በሉ፤ ኮንፊገሬሽኑ ላይ ስሙን መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የስፓርክ ሃዱፕ ክላውድ ሞጁል ገብቶ ስፓርክ ራሱ እንዲጠቀምበት ካልተነገረው አሮጌው ኮሚተር ድምፁን አጥፍቶ ይቀጥላል። ኤረር አያወጣም። ማረጋገጫው ውጤቱ ፎልደር ውስጥ ያለው «ሰክሰስ» የሚባል ፋይል ነው። መጠኑ ዜሮ ባይት ከሆነ የጻፈው አሮጌው ነው። አዲሱ ሲጽፈው ውስጡ ጄሰን (በሥርዓት የተዋቀረ ጽሑፍ) ይኖራል፣ የኮሚተሩ ስም ሳይቀር። «አስገብተነዋል» ያሉኝ ቦታ ሁሉ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው። አብዛኛው ዜሮ ነው።

ስቶሬጁን የሚጠቀመው ስፓርክ ብቻ ከሆነና ማሽኖቹ አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ግን ምን አደከማችሁ፤ ኤችዲኤፍኤስ አድርጉት።

ምልክት፦ ዲስኩ ይሞላል፣ ፋይል ግን አይታይም

ምክንያቱ መብራት ሲሄድ ተጀምረው የቀሩ አፕሎዶች (ተልከው ያላለቁ ፋይሎች) ናቸው። ሴፍ ላይ ያላለቁትን የሚያጸዳ የላይፍሳይክል ሕግ (ስቶሬጁ ጊዜውን ጠብቆ ራሱ የሚሰርዝበት ደንብ) ጻፉ። ሥራ እየሄደ በእጅ እንዳታጸዱ! ገና ያልጸደቀውን ውጤት ነው የምታጠፉት።

ምልክት፦ መብራት ሲመለስ ስቶሬጁ 403 ይላል

403 «አልፈቅድም» ማለት ነው፤ ግን ፓስወርድ መቀየር አቁሙ። ሰዓት ነው። ኤስ 3 ከ15 ደቂቃ በላይ የተዛነፈ ጥያቄ አይቀበልም። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ማሽኑ የድሮ ቀን ይዞ ይነሳል። ደሴ ውስጥ አንዱ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ሰርቨሩን በሀበሻ ሰዓት ሞልቶት አግኝቻለሁ፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ! ባትሪውን ቀይሩ፣ ሁሉንም ማሽን ከአንድ የኤንቲፒ (ሰዓት የሚያስተካክል) ሰርቨር ጋር አገናኙ። የሴፍ ሞኒተሮችማ (ማሽኖቹን የሚከታተሉት) 0.05 ሰከንድ ሲለያዩም ያማርራሉ።

ምልክት፦ ኤችዲኤፍኤስ ሴፍ ሞድ ላይ ቀረ

ሴፍ ሞድ (safe mode፤ ሴፍ ከተባለው ስቶሬጅ ጋር አይገናኝም) ኔምኖዱ ጽሑፍ የማይቀበልበት የጥንቃቄ ጊዜ ነው። ታገሱ። ኔምኖዱ 99.9 በመቶ የሚሆነው ብሎክ (የፋይል ቁራጭ) ሪፖርት እስኪደረግለት ይጠብቃል። በግድ አታስወጡት። በግድ ካስወጣችሁትም ኤፍኤስሲኬን (የፋይል መፈተሻውን) በዲሊት እንዳታስኬዱ። አንድ ቦታ ሁለት ዳታኖዶች (ብሎኮቹን የያዙ ማሽኖች) ገና ዲስካቸውን እየፈተሹ ነበር። ልጁ ቸኩሎ «የጠፉ» የተባሉትን ፋይሎች ሰረዘ። ብሎኮቹ ግን ዲስኩ ላይ በሰላም ተቀምጠው ነበር!

ምልክት፦ ማንበብ ፈጣን፣ መጻፍ ቀርፋፋ

ክላስተሩን (አብረው የሚሠሩትን ማሽኖች) ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ዘርግታችሁታል? ሴፍ ሁሉም ቅጂ ሳይጻፍ «ተቀብያለሁ» አይልም። እያንዳንዱ ጽሑፍ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ሐረጎን ወጥቶ ወርዶ ነው የሚመለሰው። ክላስተሩን አንድ ከተማ ላይ ሰብስቡ፤ ወደ ሌላው ባክአፕ ላኩ።

ምልክት፦ ሰርቨሮቹ በርተዋል፣ ክላስተሩ ሞቷል

ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ አይደለም። የሻይ ማሞቂያው የተሰካበት ዲቫይደር ላይ ነው። ንቀሉት።