በአራት ወረቀት አሥራ ስድስት ገጽ፦ እንደ ፓንክ ሴቶች ዚን ማዘጋጀት

ዚን ማለት አንድ ሰው ወይም ጥቂት ጓደኛሞች በእጃቸው ጽፈው፣ ቆርጠውና ለጥፈው፣ በፎቶ ኮፒ አባዝተው የሚያድሏት ትንሽ መጽሔት ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በኦሎምፒያ ከተማና በዋሽንግተን ዲሲ ፓንክ ሮክ በተባለው ፈጣንና ጩኸታም ሙዚቃ ዙሪያ ራየት ገርል የተባለውን የሴቶች እንቅስቃሴ የጀመሩት ወጣቶች ከጊታር እኩል ይዘዋት ነበር። የብራትሞቢል ባንድ አባላት አሊሰን ዎልፍና ሞሊ ኒውማን መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ዚን ያዘጋጁ ነበር። ስለዚህ «መጀመሪያ ሙዚቃ ልማር» እያልሽ አትዘግዪ።

ርዕስሽን አጥብቢው። «ፌሚኒዝም» ብለሽ ከጀመርሽ ማንም ያልጠየቀሽ ድርሰት ይወጣሻል። ከዚያ ይልቅ ዓይንሽ ካየው ነገር ተነሺ፦ በኮንሰርት ላይ ከፊት ማን ቆመ? ማን ተገፍትሮ ወደ ኋላ ሄደ? ከራየት ገርል ባንዶች አንዱ የሆነው የቢኪኒ ኪል ድምፃዊት ካትሊን ሃና ሴቶች ወደ መድረኩ እንዲጠጉ፣ ወንዶች ደግሞ ወደ ኋላ እንዲሉ ትጠይቅ የነበረው ይህንኑ አይታ ነው። እኔ ባስ ጊታሬን አንግቼ መድረክ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ የድምፅ ባለሙያ «ባስ የሚጫወተው ልጅ መቼ ይመጣል?» አለኝ። ያንን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩት። ከዚያ እትም ብዙ ደብዳቤ ያመጣልኝ ያ ገጽ ነው፤ ስለ እኩልነት የጻፍኩትን ረጅም ሐተታ ግን አንድም ሰው አላነሳልኝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አራት ባዶ ኤ4 ወረቀት ደርበሽ ከመካከል እጠፊ፤ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። ከሽፋኑ ጀምረሽ እስከ መጨረሻው በእርሳስ ቁጥር ጻፊና ወረቀቶቹን ለያይተሽ ዘርጊያቸው። ገጽ 1 ከ16 ጎን፣ ገጽ 2 ከ15 ጎን ሆኖ ታገኚዋለሽ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ካልሆኑ አንድ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው። ይህን ናሙና አትጣዪው፤ ስትለጥፊ ከፊትሽ ይቀመጥ።

ጽሑፍሽንና ሥዕልሽን ቆርጠሽ በደረቅ ኮላ ለጥፊ። ከየዳሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተይ፤ ፎቶ ኮፒ ማሽን እስከ ጠርዝ አያትምም፣ ከመታጠፊያው የተጠጋ ፊደልም ይዋጣል። በእርሳስ የተጻፈ ስለሚደበዝዝ በጥቁር እስክሪብቶ ድገሚበት። ጠቆር ያለ ፎቶግራፍ ጥቁር ጠባሳ ሆኖ ይወጣል፤ ለብቻው አፍክተሽ ኮፒ አድርጊና ኮፒውን ለጥፊ። የተለጠፈው ወረቀት ጠርዝ ጥላ ከጣለ በነጭ ማጥፊያ ቀለም ሸፍኚው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ዛሬ ዚንን ሆን ብለው የሚያጎሳቁሉ አሉ፤ ፊደሉ ተገልብጦ፣ ጽሑፉ በጽሑፍ ላይ ተደርቦ አይነበብም። የድሮዎቹ ዚኖች ሻካራ የሆኑት ገንዘብና ጊዜ ስላልነበረ ነው። የጻፉት እንዲነበብላቸው ግን አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ያንቺም ይነበብ።

ስታባዢ ማሽኑ በሁለቱም ገጽ እንዲያትምና በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለብጥ አድርጊ፤ አለበለዚያ ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ አውጥተሽ አጥፈሽ እይ። ተራ ስቴፕለር ወረቀቱ መካከል አይደርስም። ስቴፕለሩን ዘርግተሽ ክፈቺው፣ ከወረቀቱ ሥር ወፍራም ካርቶን አድርጊና መታጠፊያው ላይ ሁለት ቦታ ምቺ፤ ካርቶኑን አላቅቀሽ የሽቦውን እግሮች በማንኪያ ጀርባ እጠፊ። ዋናውን ቅጂ ሳታጥፊ በፖስታ አኑሪው፣ ሲያልቅብሽ ትመለሺበታለሽ።

ከማተምሽ በፊት ግን ማን እንደጎደለ ቁጠሪ። ራየት ገርል በአብዛኛው የነጭ ሴቶች መድረክ ነበር፤ ትችቱም የመጣው እዚያው ዚን ከሚያዘጋጁት ነው። ሚሚ ቲ ንዊን እ.ኤ.አ. በ1997 ነጭ ያልሆኑ የፓንክ ሰዎችን ጽሑፍ ሰብስባ በዚን አወጣች። ስለ ሌላዋ ከመጻፍ ገጽ ስጫት፣ ጽሑፏንም አትቀይሪባት። ጓደኛሽ የነገረችሽን ጥቃት ያለ ፈቃዷ አታትሚ፤ ስሟን መቀየር ብቻውን አይበቃም፣ በዝርዝሩ ትታወቃለችና። የራስሽንም የቤት አድራሻ አታውጪ፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ወይም ለዚሁ ብቻ የተከፈተ ኢሜይል ይሻላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሃያ ቅጂ ይበቃል። በኮንሰርት በር ላይ አድይ፣ ከሌሎች ዚን አዘጋጆች ጋር ተለዋወጪ። ብትሸጪ የወረቀቱንና የኮፒውን ወጪ የሚሸፍን ዋጋ ጠይቂ፤ በነጻ መስጠት ግዴታ ነው የሚሉሽን አትስሚ። ሽፋኑ ውስጥ ደግሞ ወርና ዓመት ጻፊ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የራየት ገርል ዚኖችን ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ ቀን ያልተጻፈባትን ዚን ማን ከማን ቀድሞ እንደጻፈ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ በግምት ነው የሚያስቀምጣት።