ለእንቁጣጣሽ የአበባ ቅርጫት እንዴት ይዘጋጃል?

በእንቁጣጣሽ ሰሞን ወደ ዘመድ ቤት ሲኬድ ብዙ ጊዜ በእጅ የሚያዘው እቅፍ አበባ ነው። እቅፍ አበባ ግን ለተቀባዩ ሥራ ያበዛል፤ ባለቤቲቱ እንግዳ እየተቀበለችና ቡና እያፈላች፣ በመካከሉ አበባውን የምታስቀምጥበት ዕቃ ፍለጋ ጓዳ መግባት ይኖርባታል። በቅርጫት የተደረደረ አበባ ግን ውሃውን ይዞ ስለሚመጣ እንደደረሰ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የሥራው አስቸጋሪ ክፍልም እዚሁ ላይ ነው። ቅርጫት ውሃ አይቋጥርምና፣ ስለ አደራደሩ ከማሰብ በፊት በቅርጫቱ ሆድ ውስጥ የሚደበቀውን ውሃ በትክክል ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ አፉ ሰፋ ያለ፣ ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ፣ እጀታው የጠነከረ የቀርከሃ ቅርጫት ይመረጣል። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ሙዳይ ወይም አገልግል ዓይን ቢስብም ለዚህ አገልግሎት እንዲውል አልመክርም፤ ቀለም የተነከረ አክርማ ሲርስ ቀለሙን ሊለቅ፣ ስንደዶውም ሊሻግት ስለሚችል፣ ለብዙ ጊዜ የተደከመበት ስፌት በአንድ በዓል ይበላሻል። በቅርጫቱ ውስጥ ልክ የሚገባ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡ፤ ከሌለ ወፍራም ላስቲክ ሁለት እጥፍ አድርገው ያንጥፉበት። ከዚያም ውሃ ጨምረው ቅርጫቱን በጋዜጣ ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ጋዜጣው ከረጠበ ላስቲኩ ቀዳዳ አለው ማለት ነውና ይለውጡት።

ቀጥሎ የሚመጣው አበባ ሻጮች ስፖንጅ የሚሉት፣ ጡብ የሚመስለው አረንጓዴ ነገር ነው። ባልዲ ውሃ ላይ በዝግታ ያስቀምጡትና እጅዎን ያንሱ፤ ቀስ በቀስ እየጠቆረ በራሱ ጊዜ ይሰጥማል። በእጅ ተጭኖ ማስመጥ ፈጽሞ አይገባም። ይህን የተማርሁት በእህቴ ልጅ ምርቃት ላይ ነው። ቸኩዬ ስፖንጁን በሁለት እጄ ተጭኜ አሰጠምሁት፤ በማግስቱ ጠዋት የመካከለኞቹ ጽጌረዳዎች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። ስፖንጁን በቢላዋ ለሁለት ስከፍለው ዳር ዳሩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ርሷል፤ መሐሉ ላይ ግን የቡጢ ያህል የገረጣ ደረቅ ቦታ ነበር። ስጫነው ውጪው ቶሎ ርሶ አየሩን ውስጥ ዘግቶበት ኖሯል። የአበቦቹ ግንድ ጫፍ ያረፈው ደግሞ ልክ እዚያ ደረቅ ቦታ ላይ ነበር።

የራሰው ስፖንጅ ከቅርጫቱ ከንፈር ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲታይ አድርገው ይቁረጡት፤ አለዚያ በጎን የሚሰኩት አበቦች መግቢያ አያገኙም። በአንድ ጥግ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መተው ደግሞ በኋላ ውሃ ለመጨመር ይረዳል። ስፖንጁ ከተጣለ በኋላ የማይበሰብስ በመሆኑ እኔ ራሴ አሁን አሁን የዶሮ ቤት ሽቦ ጨምድጄ በሳህኑ ውስጥ እጠቀማለሁ። ሽቦው ታጥቦ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል፤ ነገር ግን መንገድ ላይ ውሃው ሊፈስ ስለሚችል በታክሲ ለሚሄድ ሰው ስፖንጁ ይሻላል።

አፉ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ቅርጫት 15 ጽጌረዳ፣ አምስት ዘለላ ጂፕሶፊላ (ትንንሽ ነጭ አበባ የሚያወጣ መሙያ)፣ አሥር ያህል የቅጠል ዘንግና ሁለት እፍኝ አደይ አበባ ይበቃል። ጽጌረዳ ሲገዙ ረጅሙንና ውዱን መፈለግ አያስፈልግም። እንደ ሆለታ ካለው፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ደጋ የሚመጣው ጽጌረዳ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ግንዱ ይረዝማል፣ ራሱም ይተልቃል። ሞቅ ባለው በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ የሚበቅለው በአብዛኛው አነስ ያለ ራስ አለው፤ ለቅርጫት የሚስማማውም እርሱ ነው። የገዙትን ጽጌረዳ ግንድ ከጫፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በስለታም ቢላዋ በሰያፍ ይቁረጡ፤ የታችኞቹን ቅጠሎች አንስተው ቀዝቃዛ ቦታ ባለ ባልዲ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። የአበባው ራስ ላይ የተጎዱ የውጭ የአበባ ቅጠሎች ካሉት እነርሱን ብቻ በጥንቃቄ ይንቀሉ።

በማግስቱ ድርደራው ሲጀመር አበባ ሳይሆን ቅጠል ይቀድማል። ለዚህ የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል፣ ያ ብርማ መልክ ያለው፣ ከጽጌረዳ ጋር እጅግ ይስማማል፤ ፈርንም ይሆናል። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ወደ ጎንና ትንሽ ወደ ታች አዘንብለው ይሰኩ፤ የቅርጫቱ ከንፈር እስኪሸፈን ድረስ ይቀጥሉ፤ ከዚያም ወደ መሐል ይግቡ። ሁሉም ግንዶች ወደ አንድ የመሐል ነጥብ የሚያመሩ ቢመስሉ ቅርጫቱ ከአንድ ሥር የበቀለ መስሎ ይታያል። ከዚያ ጽጌረዳዎቹን ይሰኩ፤ ረጅሙን በመሐል፣ አጠር ያሉትን በዙሪያው፣ ከፍታቸውን እያለያዩ። የተሰካን ግንድ መልሶ ከፍ ማድረግ ከሥሩ ባዶ ጉድጓድ ስለሚተው ውሃ ያቋርጥበታል። ቦታው ካላማረዎት ነቅለው በሌላ ቦታ እንደገና ይሰኩት። እጀታውን በአበባ አይሸፍኑት፤ ሰው የሚይዘው እርሱን ነው። ክፍት የቀሩትን ቦታዎች ጂፕሶፊላው ይሙላቸው።

አደይ አበባ መጨረሻ ይገባል፤ ቶሎ ስለሚጠወልግ በተሰጠበት ቀን ጠዋት መቀጠፍ አለበት። ግንዱ ቀጭን ስለሆነ በቀጥታ ወደ ስፖንጅ ቢገፋ ይሰበራል። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ዘንግ በክር ላላ አድርገው ይሰሩና በእርሳስ ቀዳዳ ከፍተው ያስገቡት። በጎጃም ልጃገረዶች በዋዜማው የሚነቅሉት እንግጫ ከተገኘ ጥቂት ዘለላ በቅርጫቱ ከንፈር ዙሪያ ይጠምጥሙ፤ ቢጫውና አረንጓዴው አንድ ላይ ሲታዩ በዓሉ ራሱ ቤት የገባ ያህል ነው፣ እኔ ይህን ሳላደርግ ቅርጫት ይዤ ወጥቼ አላውቅም።

ቅርጫቱን ሲሰጡ ስለ ውሃው መንገር አይርሱ። በየቀኑ በተተወው ክፍተት አንድ ሲኒ ያህል ውሃ ይጨመርበታል፤ ከበሰለ ሙዝና ከሌላ ፍራፍሬ ይራቅ፣ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ አበባን ቶሎ ያረጀዋልና። ከጽጌረዳዎቹ አንዱ አንገቱን ቢደፋ ነቅለው ግንዱን ትንሽ ይቁረጡት፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አጋድመው ያቆዩት። ብዙውን ጊዜ ቀና ብሎ ይነሣል፤ ወደ ቦታው ሲመልሱትም በአዲስ ቀዳዳ ይሰኩት።